«ማን አስተማረህ?» የተባለው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ከስፌቱ ሌላ ታሪክ ይጽፍ ነበር። እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ በሰው ላይ ክፉ የማያስብ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ ያደረገውን ስትሰሚ እንዳትንቂው ብዬ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ላንቺ ምሳሌ አላደርገውም ነበር።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። መጽሐፍሽ ሲመረቅ መድረክ ላይ አቁመው የማንን መጽሐፍ እያነበብሽ እንዳደግሽ፣ መጻፍስ ምን እንዳስገኘልሽ ይጠይቁሻል። አንቺም «ሁሉን የሰጠኝ ጌታ ነው፣ ሌላ ማንም የለም ብዬ ባልፈውስ? ክብሩን ለሱ መስጠት አይደል እማዬ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩሽ ነገሩን ቸል ብዬ አይደለም። የኔ ትምህርት ጥቂት ነው፤ ነገርን ከፋፍሎ ማስረዳት አይሆንልኝም። የሰማሁትን ታሪክ መናገር ግን እችላለሁ። ጽፌ የሰጠሁሽም ይህን ታሪክ በቃሌ ስናገረው ሆድ ስለሚብሰኝ ነው። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን የሚያቆመው በአንዲት የገበያ ከተማ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ከሱ ቀጥሎ አንድ ጠና ያለ ሰው መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ መጽሐፍ ያከራያል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ጥቂት ነበር። ሰው መታወቂያውን አስይዞ አንድ መጽሐፍ ይወስዳል፤ አንብቦ ሲመልስ መታወቂያውን ተቀብሎ ይሄዳል። አንዱ መጽሐፍ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ ወጥ የነካው አለ፣ ዝናብ ያገኘው አለ፣ ሕፃን የቀደደው አለ። አብዛኞቹ ሽፋን የላቸውም። ሽፋኑ ከሄደ ደግሞ የጻፈው ሰው ስም አብሮ ይሄዳል። አንባቢው ታሪኩን ልቡ ውስጥ ይዞ ይኖራል እንጂ ማን እንደጻፈለት አያውቅም።

አከራዩ ገጹ የረገፈበትን መጽሐፍ ለልብስ ሰፊው ይሰጠዋል። ልብስ ሰፊው ዳሩን በወስፌ ይበሳና በሻማ ሰም ባሸው ወፍራም ክር ይሰፋዋል። ስለ ዋጋ ተነጋግረው አያውቁም። ሰፍቶ ከመመለሱ በፊት ያነበዋል፤ በዚህ ተስማምተው ኖሩ። ስፌቱ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መጽሐፉ ግን አንዳንዴ ሳምንት ከሱ ዘንድ ይቆያል፤ አከራዩም የት አደረስከው ብሎ አይጠይቅም።

ይህ አከራይ ቀልድ ያውቃል። ልብስ ሰፊውን «አንተ መርፌ» እያለ ነው የሚጠራው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ካየ፣ «ወንድሜ፣ ምዕራፉን ይጨርስ ተወው፤ አሁን ካቋረጥከው አንዱን እግር ረስቶ ይሰጥሃል» ይለዋል። ሰውየው ይስቃል። ልብስ ሰፊው ግን አይስቅም፤ እውነትም አንድ ጊዜ የአንድ አስተማሪ ሱሪ አንዱን እግር ብቻ አሳጥሮ ሰጥቶ ያውቃልና።

ከቀልዱ ሌላ አንድ ልማድ ነበረው። መጽሐፍ ሲመለስለት ገጹን አይፈትሽም። «ማን አሳዘነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወድጄዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ እንቅልፍ ነሣኝ ቢሉት አይበቃውም። ማንም አላሳዘነኝም የሚለውን ሰው «እንግዲያው ገጽ ስትገልጥ ከርመሃል፤ ሂድና አንብበው» ብሎ መጽሐፉን መልሶ ያስይዘዋል። ለልብስ ሰፊውም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ ባሏ የሚደበድባት ሚስት አሳዘነችኝ አለ። አከራዩ፣ ለሷማ ማንም ያዝናል፣ እንደገና አንብበው አለው። ወሰደው። ሲመልስ አፍሮ እየተንተባተበ፣ ባልየውም አሳዘነኝ አለ። ያን ቀን አከራዩ ራሱን ነቀነቀና ሌላ መጽሐፍ አቀበለው።

ከመድረክ ኃጢአትን ጥሉ፣ ኃጢአተኛውን ግን ውደዱ ሲባል ልብስ ሰፊው ብዙ ጊዜ ሰምቷል። እንዴት እንደሚደረግ የገባው ግን በዚያ በረንዳ ላይ ነው። ሌላም ብዙ ተማረ። ከባሕር ማዶ ተተርጉሞ ከመጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ ክፉ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ማዳመጥን ተማረ። ከአንድ የፍቅር ታሪክ፣ አንባቢን ደጅ ማስጠናትን ተማረ። ማልዶ ከሚያነበው ከቃሉ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሰው ለአምላኩ ምን ያህል ደፍሮ እንደሚያለቅስ ተማረ። ሁሉም አንድ ላይ ገብተው ተቀላቀሉበት። ኋላ ሲጽፍ የትኛው ከየት እንደመጣ ለይቶ ማውጣት አይችልም ነበር።

ልብስ ሰፊው የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዓለማዊ መጽሐፍ እንዲተዉ አጥብቆ ያስተምራል። አንዳንዶቹ ያላቸውን ሰብስበው አቃጥለዋል። እሱም ጨነቀውና ለአከራዩ ነገረው።

«ታዲያ መስፋቱንም ትተዋለህ?» አለው አከራዩ።

«መስፋትማ ሥራዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰፊ ደግሞ የሚሰፋውን ማየት አለበት» አለና አንድ የተቀደደ መጽሐፍ ጭኑ ላይ ጣለለት። ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው የሚያነበውን ጨርቅ ስር አድርጎ ያነብ ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያልፍ ጨርቁን ይስባል። እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የሚበላውን እንጀራ እየደበቀ የሚበላ ሰው ውሎ አድሮ ማን እንዳበላው ለመናገር ያፍራል።

አከራዩ አንድ ልጅ ነበረው፤ በሕመም ሞተበት። ከቀብሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። የእግዚአብሔር ስም ሲነሳ አይሳደብም፣ አይከራከርም፤ ጎንበስ ብሎ መጽሐፎቹን ማስተካከል ይጀምራል። ልብስ ሰፊው ይህን ያውቃል። ስለ እምነቱ ሊነግረው ስንት ጊዜ ሞክሮ፣ ሰውየው መጽሐፍ ማስተካከል ሲጀምር ተስፋ ቆርጦ ወደ መኪናው ተመልሷል።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው የራሱን ታሪክ ጻፈ። ታሪኩ ወንዝ ልጁን ስለወሰደበት አንድ ገበሬ ነው። ገበሬው ከአምላኩ ይጣላል፤ ብዙ ዓመት አይጸልይም፤ ኋላ ለጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይታረቃል። ታሪኩን ሲጽፍ ልቡ እያወቀም ይሁን ሳያውቅ፣ ገበሬው አነጋገሩም ዝምታውም የአከራዩ ነው። ጽፎ እንደጨረሰ ከሁሉ በፊት ለሱ ሰጠው።

አከራዩ ጽሑፉን ይዞት ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ መኪናው ላይ አስቀመጠለት። ልብስ ሰፊው እየቀለደ፣ የራሱን ጥያቄ መልሶ ጠየቀው። ማን አሳዘነዎት አለው።

አከራዩ ጎንበስ ብሎ መጽሐፎቹን አስተካከለ። «አባትየው» አለ። አንዱን መጽሐፍ አነሳ፣ እዚያው ቦታው መለሰው። ከዚያ ቀና ሳይል «እሑድ ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?» አለ።

መጻፍ ምን ያስገኛል ብለሽ አልነበር? ይኸው ነው። ለዓመታት ቃል ተናግሮ ያልከፈተውን በር አንድ ታሪክ ገርበብ አደረገው። ልብስ ሰፊው ግን አላስተዋለም። ሰዓቱን ነገረውና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ልቡ ያለው ማተሚያ ቤቱ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ይሉ ይሆን የሚለው ላይ ነው። የልፋቱን ዋጋ በእጁ ሰጥተውት፣ ሌላ ዋጋ እየጠበቀ ሳያየው ያስቀመጠ ሰው ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ ታሪኩን ወደደው። ምእመናን አዋጥተው አሳተሙለት። ሌሎች አጥቢያዎችም መጽሐፉን ሊወስዱ ተስማሙ፤ እሱም ለወጣቶች ጽሑፍ እንዲያስተምር ታሰበ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሱሪ ሲያሳጥር ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ዓለማዊ መጽሐፍ የሚያነብ አማኝ ከሁለት ምንጭ እንደሚጠጣ ሰው ነው ብሎ አጥብቆ ተናገረ። ልብስ ሰፊው በዚያ ስብከት ላይ ተቀምጦ ጨርቅ ሥር ያቆየውን መጽሐፍ አሰበ።

የምረቃው እሑድ ደረሰ። መጽሐፉ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ልብስ ሰፊው በገዛ እጁ የሰፋውን ኮት ለብሶ ፊት ተቀምጧል። መዝሙሩ እንዳለቀ ዞር ሲል አከራዩን አየው። በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ዳር ላይ ነው። ጢሙን ተላጭቷል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሐኪም ቤት ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ማይክሮፎን ይዞ ልብስ ሰፊውን ወደ መድረክ ጠራው። ሽማግሌው ተጫዋች ሰው ነው። «ወንድማችን፣ ሱሪ ስታሳጥር እናውቅሃለን፤ ታሪክ ማስረዘሙን ከየት አመጣኸው?» አለው። ሕዝቡ ሳቀ። «እውነቴን ነው የምጠይቅህ፤ ማን አስተማረህ? የማንን መጽሐፍ አነበብክ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። መልሱ የሆነው ሰውም እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ቀና ሲል የአከራዩ አንገት ከፊቱ ካሉት ሰዎች ትከሻ በላይ ትንሽ ብድግ ሲል አየ። አየው፤ አላየሁትም ሊል አይችልም። ወዲያው ደግሞ የሽማግሌዎቹን ወንበር አየ፤ የወጣቶቹን ፊት አየ፤ የዚያ ሰባኪ ድምፅ መጣበት። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው እንዴት እንደሚናገር አንቺም ታውቂያለሽ። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው፤ ሁላችንም ብለነዋል። ከአፍ ሲወጣ አምላክን ማክበር ስለሚመስል ጉሮሮ ላይ አይቀርም።

«ከቃሉ በቀር ያነበብኩት መጽሐፍ የለም» አለ። «ሰው አላስተማረኝም። ጌታ ብቻ ነው።»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ቆሞ ያመሰገነም ነበር። አከራዩም አጨበጨበ። ቀስ እያለ፣ እጆቹን እያየ አጨበጨበ። የሚቀጥለው መዝሙር ሲጀመር ወንበሩ ባዶ ነበር።

ሰኞ ዕለት እንደወትሮው ላስቲኩን አነጠፈ። እንዴት አደርክ አለው፤ አላኮረፈም። «አንተ መርፌ» ግን አላለውም። የተቀደዱትን መጻሕፍትም መስጠት ተወ። ዱቄት በውኃ በጥብጦ እየለጠፈ ያከራያቸው ጀመር። ዱቄቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ገጹ መልሶ ይረግፋል፤ እሱም መልሶ ይለጥፋል። ልብስ ሰፊው ይህን እያየ ጥቂት ቀን ታገሠ። ከዚያ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ እንጂ፤ ልስፋልዎት።»

«ደራሲ አላስለፋም» አለ አከራዩ። አልተቆጣም።

ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ያን ያልኩት ክብሩ ለጌታ እንዲሆን ብዬ ነው አለው። ሲናገር ድምፁ የሚዋሽ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ግማሹን ራሱም ያምነው ነበር።

አከራዩ እጁ ላይ የደረቀውን ዱቄት እየፋቀ ሰማው። «ስሜን ልሰማ የመጣሁ መሰለህ?» አለ። «ልጄ ከሞተ ጀምሮ እግዚአብሔር እኔን ለምንም አይፈልገኝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ያንተን ታሪክ ሳነብ፣ ይህን ሰው እዚህ ላስቲክ ላይ ያስነበብኩት እኮ እኔ ነኝ አልኩ። ምናልባት እኔ ሳላውቀው ሥራ ሰጥቶኝ ኖሮ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እውነት መሆኑን ካንተ አፍ ልሰማ መጣሁ። አንተ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሰው የለበትም አልክ። እኔም ሰማሁና ወጣሁ።»

ልብስ ሰፊው በሚመጣው እሑድ ተነሥቼ እናገራለሁ አለ።

«ተው» አለው አከራዩ። «አሁን ብትናገር እኔን ለማባበል ነው። ያን ዕለት ቢሆን ዝም ብሎ እውነት ነበር።»

እንዲህም ተብሎ ልብስ ሰፊው ሊናገር አስቦ ነበር። በሚመጣው እሑድ እንግዶች መጡ፤ በእንግዳ ፊት አይሆንም አለ። በሌላው እሑድ የጌታ እራት ሆነ። በሌላው ደግሞ ስለ መጽሐፉ ሰው ሁሉ መልካም ሲያወራ ዋለና፣ ዛሬ ይህን ከማነሳ ትንሽ ይቆይ አለ። ክረምቱ እንዲህ እያለ ገባ። ሰው ጥሩ ነገር ለማድረግ ሲያስብ ውሎ ሲያድር፣ እንዳደረገው ያህል ልቡ ያርፋል። እሱም በዚያ ማሰቡ ልቡ ትንሽ እያረፈ ቆየ።

ክረምቱ ሲወጣ ባለሱቁ ቤቱን አፍርሶ ሊሠራ ሆነና የበረንዳ ሰዎች ተነሡ። ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ ቦታ አገኘ። አከራዩ አላገኘም፤ ወይም አልፈለገም። መጻሕፍቱን ለባለሱቆች በኪሎ ሸጠላቸው፤ እነሱም ስኳርና በርበሬ ጠቀለሉባቸው። እሱ ገጠር እኅቱ ዘንድ ሄደ። ልብስ ሰፊውን ሲሰናበተው ጨብጦት፣ መኪናህ ዘይት ያንሰዋል፣ ይጮኻል አለው። ሌላ አላለም።

መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ልብስ ሰፊው ፊተኛው ገጽ ላይ ምስጋና ጻፈ። በበረንዳ ላይ መጽሐፍ ያከራይ የነበረው ሰው እንዳስተማረው፣ ከሱ ያልተከራየው ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ጻፈ። ጽፎ ለሽማግሌዎቹ አሳየ። እንዴት ያለ ቁጣ ይመጣብኝ ይሆን ብሎ ቆመ። ያ ማይክሮፎን ይዞ የነበረው ሽማግሌ አነበበውና መነጽሩን አወለቀ። «ያ ሰውዬ? ማን አሳዘነህ የሚለው?» አለ። «እኔም እኮ ወጣት ሆኜ ከሱ ዘንድ ተከራይቻለሁ። ያን ቀን ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም? በር ላይ ተቀምጦ አይቼው እኔም ገርሞኝ ነበር።»

አንድም ሰው አልተቆጣም። ከወጣቶቹም እንዴት አነበብክ ያለው የለም። ያ የፈራው ነገር ሁሉ ከሱ ልብ ውጭ የትም አልነበረም። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ቢቆጡት በወደደ ነበር።

መጽሐፉን ይዞ ወደ ገጠር በአውቶቡስ ሄደ። የአከራዩን እኅት ቤት እየጠየቀ አገኘው። አከራዩ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ዓይኑ ደክሞ ፊደል መለየት ትቷል። ልብስ ሰፊው አጠገቡ ተቀምጦ የምስጋናውን ገጽ አነበበለት። አከራዩ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ተቀበለ፤ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ስፌቱ ደህና መሆኑን እንደሚፈትሽ ሰው። «ተባረክ» አለው። ቀጥሎም «ምሳ በልተሃል?» አለ።

አብረው በሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፈረሰው ሱቅ፣ በበረንዳው ያልፉ ስለነበሩ ሰዎች አወሩ። ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ እንደሆን። አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰበት። በምን ፊቴ እጠይቀዋለሁ አለ። መሽቶ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ተነሣ። አከራዩም ምርኩዙን ይዞ እስከ አጥሩ ሸኘው።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ጻፈ። በየአጥቢያው ይጠሩታል፤ ይሸለማል፤ ወጣቶች አጅበውት ይሄዳሉ። አከራዩ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ሞተ። ያን እሑድ ገርበብ ብሎ የነበረው በር በኋላ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ ይቅር፣ ልብስ ሰፊው ሳያውቀው ቀረ። ያንን የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው፤ እሱም ምሕረቱ ብዙ ስለሆነ እኔ አልፈርድም። ልብስ ሰፊው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨበጭቡለት መሬት መሬት የሚያይ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ልጄ፣ ልብስ ሰፊው አንቺ ነሽ። ቅር አይበልሽ፤ እንደሱ ደግ ስለሆንሽ፣ እንደሱ ጌታን ስለምትወጂ ነው የምልሽ። «ጌታ ነው የሰጠኝ» ማለትሽ እውነት ነው፤ በዪው። ነገር ግን ከሰማይ ወርውሮ አልሰጠሽም፤ በሰው እጅ ነው የሰጠሽ። ያን እጅ ስትደብቂ የሱ ክብር አይጨምርም። ሲሠራ የነበረበትን መንገድ ነው የምትሸፍኚው። ያም ሰው እግዚአብሔር በኔ ሠርቶ ያውቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ይሆናል።

ያንቺ አከራይ ማን እንደሆነች እኔም አንቺም እናውቃለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እትዬ ዘነበወርቅ ቤት ትውይ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ሹፌሩ ባሏ ከየአገሩ ያመጣቸውን የታሪክ መጻሕፍት በቆርቆሮ ሳጥን አልጋዋ ሥር ታስቀምጥ ነበር። አንድ አንድ እያለች ትሰጥሻለች። እሷ ማንበብ አትችልም፤ አንቺ ምስር እየለቀምሽላት ያነበብሽውን ትተርኪላታለሽ። «ይቺን አሳጥረሻታል፣ እንደገና ንገሪኝ» ስትልሽ ከደጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዛሬ ታሪክሽን ሰው የሚወደው እኮ ያኔ እሷ ስላላሳለፈችሽ ነው። ከነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ፊት የማይጠሩ እንዳሉ አውቃለሁ። እሷም ጿሚ ናት፤ የምትስመው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ለዚህ እንደፈራሽ ገብቶኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አገኘችኝ። ጉልበቷን እያሻሸች፣ «ልጅቷ መጽሐፍ ጻፈች አሉኝ፤ ያቺ የኔ ምስር ለቃሚ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ድንጋዩን ለቅማ ጨርሳው እንደሁ ነው እንግዲህ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና፣ ምረቃው ለሁሉም ሰው ነው ወይስ ለናንተ ሰው ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ልጄን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።

ልብስ ሰፊው ያን እሑድ መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። ያንቺ እሑድ ገና ነው። ጉልበቷ ዳገቱን ስለማይችል ባጃጅ እኔ እልክላታለሁ፤ የፊተኛውን ወንበር ግን አንቺ ያዢላት። ሲጠይቁሽም ዓይንሽን ከሷ ላይ አታንሺ።